ይድረስ ለክቡር «ፋይሉ አልተገኘም»

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ልል ነበር። ግን መቼ አስናፍቀውኝ ያውቃሉ? ዓርብ ማታ ተለያየን፤ ሰኞ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ፣ ያው የስህተት መልእክት ነዎትና፣ ቀይ ለብሰው ስክሪኔ ላይ ተሰየሙ።

ረስተውኝ ከሆነ እኔ ያ የሶፍትዌር ቴስተር ነኝ። ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋና ብሮውዘር በሚያሽከረክር ሲሌኒየም በሚባል መሣሪያ ኮድ እጽፋለሁ፤ ኮዱ ብሮውዘር ከፍቶ፣ ፎርም ሞልቶ ዌብሳይቱን ይፈትሻል። ሐሙስ ማታ ላፕቶፔ ላይ ሁሉም ቴስት አረንጓዴ ሆነ። ኮዱን ፑሽ አድርጌ (ልኬ ማለት ነው) ወደ ቤቴ ሄድኩ። ዓርብ ጠዋት ቴስቶቹን ደግሞ በሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ፣ ግማሹ ቀይ። «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ብለዋል። ጌታዬ፣ አለ እኮ! ፎልደሩን ከፍቼ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አሳረፍኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ።

ነገሩ የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነበር። የፋይሉ ስም በትልቁ «ዲ» ይጀምራል፤ እኔ ኮዱ ውስጥ በትንሿ ጽፌዋለሁ። ዊንዶውስ እንደኛው ነው። «ሰላም»ን በእሳቱ ሰ ይጻፉት በንጉሡ ሠ፣ ገብቶኛል ብሎ ያልፋል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ግን የኔታ ነው፤ በንጉሡ ቦታ እሳቱን ካየ አለንጋውን ያነሳል። ፊደሉ ትልቅና ትንሽ በሌለው ቋንቋ ላደገ ሰው ይሄ ግፍ አይደለም?

አስተካከልኩ። ከሰዓት ተመልሰው መጡ።

በዚህኛው ዙር ችግሩ አቅጣጫ ነበር። ለኮዱ መንገዱን የነገርኩት እንደ አዲስ አበባ ሰው ነው፦ «እዚሁ ጎንህ ዳታ የሚል ፎልደር አለ፣ ግባ»። «እዚሁ» ማለት ግን ፕሮግራሙ ሲነሳ የቆመበት ቦታ ነው። እኔ የማስነሳው ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ነው፤ ሰርቨሩ ከሌላ። መገናኛ ቆሞ የጀሞን ሱቅ ሲፈልግ ዋለ።

በንዴት ሙሉውን አድራሻ ከነዲ ድራይቩ ጻፍኩት። አይሳቁ፤ ዲ ድራይቭ የዊንዶውስ ነገር ነው፤ ሊኑክሱ ሰርቨር ላይ ከየት እንደሚመጣ እኔም አሁን ገርሞኛል። ጭራሽ ላፕቶፔ ላይም መስራት አቆመ። ፓይተን ከባክስላሽ (በዊንዶውስ አድራሻ ፎልደሮችን ከምትለየው ወደ ኋላ ያዘነበለች ሰረዝ) ቀጥላ የመጣችን ትንሽ «ቲ» እንደ ታብ ያነባታል። የቴስተር ፎልደር ደግሞ ስሙ ሁሌም «ቴስትስ» ነው። አድራሻዬ መሃል ባዶ ቦታ ተነጠፈ። ያኔ እርስዎ እንኳ አልመጡም፤ «አድራሻው ልክ አይደለም» የሚለውን የአጎትዎን ልጅ ላኩብኝ። (ይቺ ባክስላሽ የመጣችው የዊንዶውስ ቀዳሚ ዶስ እ.ኤ.አ. በ1983 ፎልደር ሲጀምር ነው፤ ቀጥተኛዋ ስላሽ ቀድሞ ለሌላ ስራ ተይዛ ነበር። የዛን ጊዜ ዕዳ እኔ ልክፈል?)

በመጨረሻ ኮዱ መንገዱን ከራሱ ቤት እንዲጀምር አደረግሁት። የፓይተን ፋይል የተቀመጠበትን አድራሻ ራሱ ያውቃል። ፓዝሊብ የሚባለው ላይብረሪ ከዛ ተነስቶ ወደ ዳታው ፎልደር ይወስደዋል፤ ስላሹንም እንደየሲስተሙ ያዘነብላል። ማንም ከየትም ያስነሳው፣ ይደርሳል። በዛ ላይ ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ሙሉ አድራሻውን ሎግ (የውሎው መዝገብ) ላይ እንዲጽፍ አዘዝኩት።

ይቺን ምነው እርስዎ ባደረጓት! የለም ይላሉ እንጂ ከየት ተነስተው እንደፈለጉ አይናገሩም። «ቢላዋ አምጣ» ሲባል ጓዳው በር ላይ ቆሞ «የለም!» ብሎ የሚጮህ ልጅ አለ አይደል? እሱን ነዎት።

ሲሌኒየም ክሮም ብሮውዘርን የሚያሽከረክርበትን ፕሮግራም፣ የክሮም ድራይቨሩን፣ ታሪክ አላነሳም። ሲሌኒየም ከ4.6 ቨርዥን ጀምሮ ራሱ ፈልጎ ስለሚያመጣው በዛ በኩል ተገላግለናል።

ታዲያ የዛሬው ምንድን ነው? ቴስት ሲወድቅ ስክሪንሾት የሚቀመጥበት ፎልደር ላፕቶፔ ላይ አለ። ባዶ ነው። የኮዱን ለውጥ መዝግቦ የሚያሻግረው ጊት ደግሞ ባዶ ፎልደር አይሸከምም። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ፎልደሩ አልነበረም፤ እርስዎ ግን ነበሩ። «ከሌለ ፍጠር» የምትል አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። ቡናዬ ቀዝቅዟል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሰርቨሩ

አባሪ፦
የሎጉ ሙሉ ቅጂ። አልተያያዘም እንዴ? እኔ ላፕቶፕ ላይ ይታያል።