የባንኩ ጠበቃ ሁሉንም አንቀጽ ሲያሸንፍ

ስለ ኃይል ማመንጫ ብድር ሲወራ የሚነሱት መሐንዲሱና ባለሀብቱ ናቸው። የባንኩን ጠበቃ የሚያስታውሰው የለም። ብድሩን አጽንቶ የሚይዘው ግን እሱ የሚያረቀው ውል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ለአንድ ማመንጫ ብቻ ተብሎ አዲስ ኩባንያ ይቋቋማል፣ ተበዳሪውም እሱ ነው። ኩባንያው ገና ምንም የለውም። ዕዳው የሚከፈለው ወደፊት ከሚሸጠው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ባንኩ ገንዘቡ ቢጠፋበት የባለቤቶቹን ሌላ ንብረት መያዝ አይችልም፣ ቢችልም በተወሰነ መጠን ነው። ስለዚህ ጠበቃው ከምንም በላይ አጥብቆ የሚያነበው የኃይል ግዢ ውሉን፣ ማለትም ገዢው የማመንጫውን ኤሌክትሪክ ለመግዛት የሚገባውን ውል ነው። ገዢው ኃይሉን ባይወስድስ? ግንባታው ቢዘገይ ኪሳራው የማን ነው? ገቢው በአገር ውስጥ ገንዘብ፣ ዕዳው በዶላር ከሆነ የምንዛሪውን ለውጥ ማን ይሸከማል? ኩባንያው ቢያቅተው ባንኩ ገብቶ ሥራውን ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል ወይ?

ጎበዝ ጠበቃ እነዚህን ሁሉ ገዢው ላይ የሚጭን ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

የህንዱን የዳቦል ማመንጫ እንይ። ውሉ በ1993 እ.ኤ.አ. በማሃራሽትራ ግዛት የኤሌክትሪክ ቦርድና የአሜሪካው የኃይል ድርጅት ኤንሮን በሚመራው ኩባንያ መካከል ተፈረመ። ለአበዳሪ በወረቀት ላይ ከዚያ የተሻለ የለም ማለት ይቻላል፦ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ ቦርዱ ኃይሉን ተጠቀመም አልተጠቀመም የሚከፍለው ክፍያ አለ፣ ከግዛቱ ዋስትና ላይ የህንድ መንግሥት ዋስትናም ተጨምሮበታል። ሩፒው ሲወርድ ሂሳቡ አበጠ። ቦርዱ ክፍያ አቆመ፣ በ2001 ማመንጫው ተዘጋ፣ በዋስትናው ዙሪያም ዓመታት የፈጀ ክርክር ተነሳ። ባንኮቹ በእጃቸው ጠንካራ ውል፣ ከፊታቸው ደግሞ የቆመ ማመንጫ ቀረላቸው።

ለዚህ ነው የባንክ ጠበቃ ደንበኛውን «ይህን አንቀጽ እናሸንፋለን፣ ግን ገዢው አሥር ዓመት ሊከፍለው አይችልም» ብሎ መናገር አለበት የምለው። ያን የሚል ጠበቃ ድርድሩን ያዘገያል፣ አለቆቹም አይወዱለት ይሆናል። በዚያ ላይ ገዢው ወገንም የራሱን ልምድ ያለው ጠበቃ ይዞ ይምጣ፣ ያውም ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ሳይሆን ገና ረቂቁ ሲጀመር። ባንኩም ይህን እንደ ጣጣ አይቁጠረው፣ ብድሩ የሚመለስለት ያ ገዢ መክፈል ከቻለ ብቻ ነውና።