በሞቴ፣ አንዷን ብቻ!

ያለፈው ቅዳሜ ደሴ ሠርግ ነበረብን። ማታ ወደ ኮምቦልቻ ይዞን የሚወርደው ወዳጃችን ከምሳ ጀምሮ ሲቀዳለት ዋለ። ጠላ፣ ከዚያ ጠጅ፣ ከዚያ ቢራ። መቼም ወሎ እንግዳ ብርጭቆው ጎድሎ አይቀመጥም። ቁልፉን ሲያነሳ አንዱ "ትችላለህ?" አለው።

"እኔ እኮ ስቀምስ ነው እጄ የሚፈታው። ሐረጎን ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው!"

እንዲህ ያለ ጀግና አይጥፋብን። ቃሉንም ይጠብቃል፤ እጨፍናለሁ ካለ ይጨፍናል። ሌላው ሹፌር ያን የደሴ ኮምቦልቻ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በጉም ሲወርድ ማርሽ ይቀንሳል፤ ፈሪ ስለሆነ ነው።

"ደግሞ መኪናዋ መንገዱን ታውቀዋለች" አለን። ልክ ነው። አያቴም በቅሎ ነበረችው። ከድግስ ሲመለስ ላይዋ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። እሷ ገደሉን ዞራ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ደጁ ስትደርስ ቆማ መሬት ትጭራለች። በቅሎዋ ጠላ አትቀምስም ነበር። ያኔ ትራፊክ ኖሮ ቢያስነፋት ዜሮ ነው የምታመጣው። ገደል ካየች ብትገርፋትም ንቅንቅ አትልም። የወዳጃችን መኪናም አልጠጣችም፣ አልዋሽም። የጎደላት ያቺ እምቢታ ብቻ ናት። ጋራዥ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ገደል ሲያይ እምቢ የሚል ዕቃ ኦሪጅናሉም የቻይናውም የለንም አሉኝ።

ለጥንቃቄ ግን ቡና ጠጣ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የሌላ አገር ጉበት አንዲት ቢራ ለመጨረስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። የኛ ሰው ጉበት ጀበናው ሲያልቅ እሱም ይጨርሳል! ቡናው እንቅልፉን አባረረለት። ስካሩ እዚያው ነው፤ አሁን ነቅቶ ሰከረ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ጋባዡን ነው። "በሞቴ፣ አንዷን ብቻ!" ይላል ጠርሙስ ከፍቶ። በሞቴ! አንተ እኮ አትሞትም ጌታዬ። አንተ በልተህ ጠጥተህ አልጋህ ላይ ነህ። የምትሞተው ባጃጅ ጥበቃ አስፋልት ዳር የቆመች ልጅ ናት። ሰፈራችን አንዲት እናት አለች፤ ልጇ ዘይት ልትገዛ ወጥታ አልተመለሰችም። ሹፌሩ "ፍሬን እምቢ አለኝ" አለ። አፉ ይሸት ነበር። ለቅሶ ላይ "ቀኗ ደርሶ ነው" እያሉ ያጽናኑ ከነበሩት መካከል ያን ቀን የቀዱለትም ነበሩ። እንዴት አፋቸውን ሞልተው እንዳሉት እስከዛሬ ይገርመኛል።

ብቻ እኔ ቁልፉን ስጠኝ ብዬ ተቀየመኝ። "አቦ አታካብድ! ሰው ፊት ታዋርደኛለህ?" አለ። ሦስት ሰው ይዞ ወረደ፤ እኔ አክስቴ ቤት አደርኩ።

ጠዋት ደወለ። በሰላም ገብተዋል። "አላልኩህም?" አለኝ እየሳቀ። አሁን ምስክር አለው፣ ያውም ሦስት። የፊታችን ቅዳሜ መልስ አለ፤ እንግዶቹን የሚያመላልሰው እሱ ነው ተብሏል።