ይድረስ ለሰፈራችን ሱቅ የዱቤ ደብተር

ጎንደር፣ ማራኪ
ጉዳዩ፦ የዕዳ መክፈያ ዕቅድ ስለማቅረብ

ክቡር ደብተር ሆይ፤

«ዱቤ የለም» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር፣ በሚዛኑና በከረሜላው ብልቃጥ መካከል፣ እስክሪብቶዎ በሲባጎ ታስሮልዎ በክብር ስለተቀመጡ ጤናዎን አልጠይቅም፤ እኔ ስከሳ እርስዎ እየወፈሩ መሄድዎን በየሳምንቱ አያለሁና። ከፒያሳ በባጃጅ ስመለስ ሱቁ ጋ ሳልደርስ ወርጄ በጓሮ መግባት የጀመርኩትም ከንቀት ሳይሆን ከአክብሮት የተነሣ መሆኑን እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ።

ባለፈው እሑድ ግን ደፍሬ ገጼን አስገለጥኩ። ዘይት ጠብ ብሎበት ወዝ ባወጣው ወረቀት ላይ፣ ከስኳሩና ከመኮሮኒው መሐል ሰባት ቦታ «የልጁ» ተብሎ ዋጋ ብቻ ተጽፏል። ልጁ ምን እንደወሰደ እርስዎም አልገለጹ፣ እሱም አላመነ። ድምሩ 7,200 ብር ነው።

ወለድ እንደማይጠይቁ ይነገርልዎታል። ሆኖም በእጅ በእጅ 50 ብር የሚሸጠው ሳሙና እርስዎ ላይ ሲሰፍር 55 ብር ይሆናል፤ ይህ ደመወዝ እስኪወጣ ላለችው አንዲት ወር ዐሥር በመቶ ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገንዘብ ያበደረ ሰው በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይዋዋል ሲከለክል ሳሙናን ስላላነሣ፣ እርስዎ ከሕግ አውጪው ቀድመው ተገኝተዋል። ስለዚህ ያለ ምንም ጭማሪ ካበደረኝ የሥራ ባልደረባዬ በፊት (እሱ ይቅር ይበለኝ) እርስዎን ለመክፈል ወስኛለሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ከጥቅምት እስከ መጋቢት በየወሩ 1,200 ብር ለመክፈል ነበር። ዕቅዱን ያፈረሰው ጥር ነው። ገና በዋለ በ12ኛው ቀን ጥምቀት ይመጣል፤ በዚያ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዘመዱ ይበዛል። አምና የአጎቴ ሚስት ወንድም ልጆች የፋሲለደስን መዋኛ ለማየት መጥተው እኔ ወለል ላይ ሳድር፣ እርስዎ በሦስት ቀን አንድ ሙሉ ገጽ ሞልተዋል። ስለዚህ ጥርን ምሬ በቀሩት አምስት ወራት በየወሩ 1,440 ብር፣ ደመወዝ በወጣበት ዕለት፣ ቤቴ ሳልደርስ አስረክባለሁ። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፣ ምሳና እራት ግን አላት፤ የዕዳው ሥርም እሷ ስለሆነች፣ ዕዳው እንዳለቀ ከሚያዝያ ጀምሮ ለእሷ በየወሩ ጥቂት አስቀምጣለሁ።

በምላሹ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ በስሜ አዲስ መስመር እንዳይከፍቱ፣ በተለይም «የልጁ» የሚል።

ከአክብሮት ጋር፣
ገጽ 14

ግልባጭ፦
ለባለሱቁ
ለባለቤቴ
ለልጁ (ብስኩቱን በልቶ ሲጨርስ)