ጣና ላይ ከመዋኘት በፊት

ስለ ጣና ሐይቅ ጉብኝት ያነበብኩት ጽሑፍ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ የሐይቁን ገዳማት የመጎብኘትን ደስታ በሚገባ ቢገልጽም፣ በሐይቁ መዋኘትን ያለ ማስጠንቀቂያ መምከሩ አላስማማኝም። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ዳር ዳሩን ከሚኖረው ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ስለሚገባ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ እግርን መንከር እንኳ ለበሽታው ሊያጋልጥ ይችላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ስላለ (እኛ ጅማዎች ቦዬ ረግረግ ላይ ከሩቅ ማየቱን ለምደነዋል) ባለጀልባውን ጠጋ በል እያሉ መወትወት አይገባም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ስለሚያንገላታ፣ ገዳማት ወዳሉበት ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ማለዳ መሄድ ይመረጣል። እዚያ ወዳለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው የእግር መንገድ በጥላ ሥር የበቀለ ቡና መካከል ስለሚያልፍ፣ ለቡና አገር ሰው ከጀልባው ይልቅ እርሱ ይጥማል።