እንግሊዝኛው ከመንጃ ፈቃዱ በፊት ይፈተን

በአሜሪካ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ከሰው ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ለመረዳት፣ ለተቆጣጣሪ ጥያቄ ለመመለስና መዝገብ ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲኖረው የሚያዘው የፌዴራል ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። አዲስ የሆነው አፈጻጸሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተቆጣጣሪዎች በቋንቋ ጉድለት ምክንያት አሽከርካሪን ከሥራ የማገድ ግዴታቸው ተነሥቶ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኤፕሪል 2025 ባወጡት ትእዛዝ መሠረት ግን ከጁን 25 ጀምሮ ተቆጣጣሪው በመንገድ ላይ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ፈተና ያላለፈ አሽከርካሪ እዚያው መኪናውን አቁሞ ይቀራል። በሲያትል፣ በዴንቨርና በዳላስ ብዙ ወገኖቻችን በትራክ ሥራ ስለሚተዳደሩ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ደንቡን ከነጭራሹ ስደተኛን ለማጥቃት የወጣ አድርገው ከሚያዩት ወገን አይደለሁም። በኮሎራዶ የሮኪ ተራሮች ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ሰው የማምለጫውን መንገድ ምልክት በቅጽበት ማንበብ አለበት፤ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች የሚያሳዩት ጽሑፍም እንደ አደጋውና እንደ አየሩ ስለሚለዋወጥ ተሸምድዶ የሚያዝ አይደለም።

ቅሬታዬ በፈተናው ቦታና መለኪያ ላይ ነው። በመመሪያው መሠረት ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ያለ አስተርጓሚና ያለ ስልክ እገዛ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ አሽከርካሪው በዚህ ከወደቀ የምልክት ፈተናው አስፈላጊ አይደለም። እንግዲህ ምልክቱን ሁሉ አንብቦ የሚረዳ፣ ነገር ግን ፖሊስ ፊት ሲቆም አንደበቱ የሚተሳሰር ሰው (እንዲህ ያለውን ሰው የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም) ምልክቱን ሳይጠየቅ ሊታገድ ይችላል። ምን ያህል መልስ እንደሚበቃም ደንቡ በነጥብ ስላልወሰነ ፍርዱ ለተቆጣጣሪው የተተወ ነው።

በኦገስት 2025 በፍሎሪዳ አንድ የጭነት መኪና በማይፈቀድ ቦታ ሲዞር ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ የፌዴራል መርማሪዎች አሽከርካሪውን ሲፈትኑት ከ12 የቃል ጥያቄዎች 2፣ ከ4 ምልክቶች 1 ብቻ መመለሱን ገልጸዋል። ይህ ሰው ግን ከዋሽንግተንና ከካሊፎርኒያ ግዛቶች የንግድ መንጃ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። የተግባር ፈተናው በአስተርጓሚ እንዳይሰጥ የፌዴራል ሕግ አስቀድሞ ከልክሏል፤ ታዲያ ፈቃዱን የሰጠው ክፍል ምን ሲያይ ነበር? ጉድለቱ እዚያ ቢያዝ ኖሮ አሽከርካሪው የሚያጣው የፈተና ቀጠሮውን ብቻ ነበር።

በሁሉም ግዛት አንድ ዓይነት፣ ነጥቡ የታወቀ የቃልና የምልክት ፈተና ከፈቃዱ በፊት ይሰጥ፤ በመንገድ ላይ የታገደም በሌላ ፈታኝ ዘንድ በአጭር ቀን ውስጥ ዳግም የመፈተን መብት ይኑረው። ብቁ ያልሆነን ሰው እንዳያሰማራ ደንቡ የሚከለክለው የትራክ ኩባንያም ከአሽከርካሪው እኩል ይጠየቅ።