የጨው ውሃ ዓሣ በቀን ስንቴ ይብላ?

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቤት፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ባለቤቱ አኳሪየሙ ጋ ቆም ብሎ ከቆርቆሮው ፍሌክ (ስስ ደረቅ የዓሣ ምግብ) ቆነጠረና ጣለ። ሁለቱ ክላውንፊሾች ተሻምተው ለቀሙት። «ዛሬ ሦስተኛቸው ነው፤ ማታም ይደገማል» አለ።

ከእንግዶቹ በዕድሜ ከፍ የሚሉት፣ ለዓመታት ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ ሲያሳድጉ የኖሩት ሰው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ውሃውን ነው የምትመግበው። የኔዎቹ የሚበሉት በሁለት ቀን አንዴ ነው። ከምግብ ቅሪት ውሃው ውስጥ የሚጠራቀሙት ናይትሬትና ፎስፌት እኔ ጋ ዜሮ ናቸው።»

«ኧረ ጋሼ፣ በሁለት ቀን አንዴማ ረሃብ ነው! አንቲያሶቹን ይዩአቸው። ቀይ ባሕር ላይ በመንጋ ሆነው፣ የውሃው ፍሰት የሚያመጣላቸውን ፕላንክተን ከንጋት እስከ ምሽት ሲለቅሙ የሚውሉ ዓሦች ናቸው። ቢዘለሉ ይከሳሉ፣ ከቀጠለም ይሞታሉ።»

«ቀይ ባሕር የተረፈውን ጠርጎ የሚወስድ ውሃ አለው። ያንተ 75 ጋሎን ነው፤ 280 ሊትር ገደማ። ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ያልተበላው ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን ባክቴሪያው ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬቱ ግን ውሃ ካልቀየርክ እዚያው እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው። ስንት ደርሶልሃል?»

«በሊትር 60 ሚሊግራም።»

«ይኸው!» አሉና ድንጋዩን ያለበሰውን አረንጓዴ አልጌ በጣታቸው አሳዩት።

ባለቤቱም አልተበገረም። «ታዲያ ለምንድን ነው ክላውንፊሹ ባየኝ ቁጥር መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው? ርቦት አይደለም?»

እስካሁን ዝም ያለችው፣ አኳሪየም ሱቅ ውስጥ የምትሠራው ናት የመለሰችለት። «ክላውንፊሽ ማን እንደሚያበላው ቶሎ ይለምዳል። በልቶ ጠግቦም ይለጠፋል፤ እሱን አይተህ አትፍረድ። እኔን ያሳሰበኝ ቢጫው ታንግ ነው። ና፣ ከፊት ለፊቱ እየው። ከዓይኑ ኋላ ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፣ ሆዱም ገብቷል። ይሄ ዓሣ ተርቧል።»

«ከሁሉም በላይ የሚበላው እሱ ነው እኮ!»

«የሚበላው ፍሌክና ማይሲስ የሚባለው ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል ነው። ታንግ ድንጋይ ላይ አልጌ ሲግጥ የሚውል ዓሣ ነው፤ አንጀቱም ለዚያ የተሠራ ረጅም አንጀት ነው። ከኮሪያ ግሮሰሪ ዘይትም ቅመምም ያልነካው ኖሪ (የደረቀ የባሕር አልጌ) ግዛ፤ መዳፍህን የሚያህል ቆርጠህ ጠዋት መስታወቱ ላይ በክሊፕ ስቀልለት፤ የተረፈውን ማታ አንሳ። መጀመሪያ ላይ ቢሸሸው ተስፋ አትቁረጥ፤ በየቀኑ ስቀል።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ የእርስዎስ ኮራሎች ቀለማቸው እንዴት ነው?»

«ነጣ ብለዋል» አሉ። «መብራቱን ከፍ አድርጌው ነው።»

«መብራቱም ሊሆን ይችላል። ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ሲሆን ግን ኮራሉንም ይርበዋል። አልጌውና ባክቴሪያው ሲደክሙ ቦታውን ዳይኖፍላጀሌት የተባለ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ፍጥረት ይይዘዋል፤ አሸዋው ላይ አረፋ የቋጠረ ቡናማ ዝልግልግ ካዩ እሱ ነው። እሱን ማጥፋት ደግሞ አረንጓዴውን አልጌ ከማጥፋት ይከብዳል።»

«ከመጠን በላይ በመመገብ የሞተ አኳሪየም ብዙ አይቻለሁ፤ በመራብ የሞተ አላየሁም» አሉ፤ ከአቋማቸውም ንቅንቅ አላሉም።

እኔ ባለቤቱን በድግግሞሹ አልከሰውም። አንድ ኪዩብ (በትንሽ ኩብ የቀዘቀዘ) ማይሲስ በአንዴም ተጣለ ለአራት ተከፍሎ፣ ውሃው ውስጥ የሚገባው ናይትሮጅን ያው ነው። እንዲያውም ሲከፋፈል አሸዋው ላይ የሚወድቀው ይቀንሳል፤ አንቲያሱም ይጠቀማል። ጥፋቱ የመጣው ድግግሞሹን ሲጨምር እያንዳንዱን ድርሻ ባለማሳነሱ ነው። አስቀድሞ የቀኑ መጠን ይወሰን፣ ከዚያ ይከፈል።

ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ታንግና ሦስት አንቲያስ ላለበት ለዚህ አኳሪየም፣ ከኖሪው ሌላ በቀን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪዩብ ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደረቅ ምግብ ላይ ነው። ከፍሪዘር የሚወጣው ማይሲስ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ፔሌት (እንክብል ደረቅ ምግብ) ግን ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግማሽ ግራም ፔሌት ብቻውን ከአንድ ኪዩብ ጋር ይቀራረባል። በጣት ተቆንጥሮ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። የግራም አሥረኛን በሚለይ ትንሽ ሚዛን አንዴ ለክቶ፣ ያን ያህል የሚይዝ ማንኪያ መምረጥ ነው።

ኪዩቡን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ በኩባያ ውስጥ 15 ደቂቃ ማሟሟት፣ በማጥለያ ማጥለል፣ ከዚያ መስጠት። ማጥለሉ ደቃቁንና ጭማቂውን ያስቀራል፤ ፎስፌትን ያስወግዳል ብሎ መተማመን ግን አይገባም፤ አብዛኛው ፎስፌት ያለው ሥጋው ውስጥ ነው። ከመመገብ በፊት ውሃውን ከሰምፕ (ከአኳሪየሙ ሥር ካለው የማጣሪያ ገንዳ) የሚመልሰው ፓምፕ ለ10 ደቂቃ ይጥፋ፤ አለዚያ ምግቡ ሳይበላ ወደ ታች ወርዶ ማጣሪያው ውስጥ ይበሰብሳል። ሞገድ የሚፈጥረው ፓምፕ ቀስ ብሎ ይሥራ፤ አንቲያስ የሚንሳፈፍ ምግብ እንጂ መሬት የወረደ አይፈልግም።

ክላውንፊሽ ብቻ ላለው ሰው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በቂ ነው። ትልቅ ላየንፊሽ (ሌላ ዓሣ የሚበላ አዳኝ ዓሣ) ያለው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይስጥ፤ በየቀኑ የሚመገብ ላየንፊሽ ጉበቱ በስብ ሊሞላ ይችላል። የባሕር ፈረስ ሆድ (ጨጓራ) የለውምና በቀን ሁለት ሦስቴ ግድ ነው። ማንዳሪን የሚባለው ዓሣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ኮፔፖድ የተባሉ ደቃቅ ፍጥረታትን እየለቀመ ስለሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሪዘር የወጣ ምግብ አይነካም፤ ባልበሰለ አዲስ አኳሪየም ውስጥ ስንቴም ብትመግቡ ይሞታል፤ አትግዙት።

60 የደረሰውን ናይትሬት ለማውረድ ሲባል የከሳውን ታንግ ማስራብ ጭካኔ ነው። የፍሌኩ ቆርቆሮ ይቅር፣ በየሳምንቱ 15 በመቶ ውሃ ይቀየር፣ ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ይጽዳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ የቀኑ ድርሻ በሩብ ይቀነስ፤ ኖሪው ግን አይነካ። ሽማግሌው ደግሞ በየቀኑ አንዴ፣ ትንሽ ትንሽ ይስጡ፤ ናይትሬቱ ከ2 እስከ 5፣ ፎስፌቱ 0.03 ገደማ ሲያሳይ ባሉበት ይርጉ። ኮራሉም ዓሣውም ያመሰግኗቸዋል።

ባለቤቱ ቀኑን ሥራ ስለሚውል፣ የቀኑን ሁለት ትንንሽ ምግብ በተወሰነለት ሰዓት የሚያወርድ ማሽን ያስፈልገዋል። ፔሌት ብቻ ይሞላበት፤ ፍሌክ ከውሃው በሚነሳው እርጥበት ተጣብቆ ወይ አይወርድም ወይ በአንዴ ይወርዳል። አንድ ዙር ስንት እንደሚያወርድ ወረቀት ላይ ለብዙ ጊዜ እየደጋገሙ መሞከር ነው። መንገድ ሲሄድም ለጎረቤት የእያንዳንዱን ቀን ድርሻ በክኒን ሣጥን ለይቶ ይስጥ፤ ቆርቆሮውን ግን ቆልፎበት ይሂድ። መብራት ከጠፋ ፓምፑ እስኪመለስ ድረስ ጎረቤቱ ምንም እንዳይጥል አስቀድሞ ይነገረው፤ በማይንቀሳቀስ ውሃ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ የበላ ዓሣ ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል።