ከጥላሸቱ ጀርባ ያለው በርት ዊልያምስ

የመድረክና የፊልም ቀልደኛውን የበርት ዊልያምስን ፎቶ ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጥላሸቱ ላይ ነው። ራሱ ጥቁር ሆኖ ሳለ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ ይበልጥ አጥቁሮ ነበር መድረክ ላይ የሚወጣው። ጥላሸት መቀባት ነጭ ተዋንያን ጥቁሮችን ለማላገጥ ይጠቀሙበት የነበረ ልማድ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀየመውና ይተወዋል። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ መተው ያለበት ሰው አይመስለኝም።

ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሃማስ ተወለደ፤ ልጅ ሳለ አሜሪካ ገባ። ከጓደኛው ከጆርጅ ዎከር ጋር ቮድቪል ላይ ስም አወጣ። ቮድቪል ዘፈኑም፣ ጭፈራውም፣ ቀልዱም በየተራ የሚቀርብበት የመድረክ ትርኢት ነው። አብዛኛው የዘመኑ ተመልካች ጥቁር ቀልደኛን ያለ ጥላሸት በቀላሉ አይቀበልም ነበር።

በ1906 ሁለቱ «አቢሲኒያ» የተባለ ሙዚቃዊ ድራማ ኒውዮርክ ውስጥ አሳዩ። ጥቁር አሜሪካውያን ወደ እኛ አገር ሲመጡ የሚያጋጥማቸውን ያሳያል። አፄ ምኒልክም ገፀ ባሕርይ ሆነው ገብተዋል። ዓድዋ ገና አሥር ዓመቱ ነበር! በዚያ ዘመን ጥቁር ንጉሠ ነገሥት በኒውዮርክ መድረክ ማሳየት ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ግን የዚህን ሰው ስም አንስተን አናውቅም። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል።

ችሎታው በደንብ የገባኝ ግን ድምፅ አልባ ፊልሞቹን ሳይ ነው። በ1916 በሠራው አጭር ፊልም እስር ቤት ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ካርታ ይጫወታል። ካርታ ግን የለም፣ ተጫዋችም የለም። በባዶ እጁ ያድላል። የደረሰውን ቀስ ብሎ ገልጦ ያያል። ደስ ይለዋል፣ ይጠረጥራል፣ በመጨረሻ ይሸነፋል። ሁሉንም ፊቱና ጣቶቹ ላይ ታነባላችሁ።

ዊልያምስ በ1922፣ በ47 ዓመቱ አረፈ። በ1913 ለባዮግራፍ ኩባንያ የሠራውን ረጅም ፊልም ተመልካች ሳያየው ነው የሞተው። ፊልሙ ተቀርጾ፣ ሳይቀናበር ተቀምጦ ቀረ። ጥሬ ቀረጻው የኒውዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እጅ ገብቶ ለሕዝብ የታየው በ2014 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እባካችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ጥላሸቱን የተሸከመው እሱ ነው፤ አብዛኞቹ ጥቁር ባልደረቦቹ በገዛ ፊታቸው ይታያሉ። ዘንጠዋል፣ ይጨፍራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ዊልያምስም ከሚወዳት ልጅ ጋር የእንጨት ፈረስ ላይ ሆነው ይሽከረከራሉ። ኋላም በሯ ድረስ ይሸኛትና ይሳሳማሉ።